ዶሮ የበላው ቃል

ማሾ አልበላም። የይፋት ልጅ ሆኖ ማሾ አልበላም ማለት የሸዋ ሮቢት ሰው ሆኖ ሙቀት አልችልም እንደማለት ነው፤ ሰምቶ የማይስቅ የለም። ልጆቼ ምክንያቱን ጠይቀው ጠይቀው ሲሰለቻቸው «እማዬና ማሾ ደም ተቃብተዋል» ብለው ተዉኝ። ባለቤቴም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ኒካችን በታሰረ ሳምንት እናቱ የላኩልንን የማሾ ንፍሮ ሳልነካ ስመልሰው ቅር ብሎት ነበር፤ ኋላ ሆዴን የሚያመኝ መስሎት ለመደው። እውነቱን ለመናገር አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። በሆዴ የያዝኩት ነገር ስለነበረ ነው እንጂ። ያንን ነገር አርባ ምናምን ዓመት ይዤው ኖሬ አሁን በስተርጅና የተነፈስኩት በአንድ ኮምፒውተር ምክንያት ነው ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጊዜ ትዕግሥት ደወለችልኝ። ትዕግሥት ተማሪዬ የነበረች፣ እኔ ጡረታ ስወጣ ደግሞ በኔ ቦታ እንግሊዝኛ የምታስተምር ጎበዝ ልጅ ናት። «እትዬ ሰዓዳ፣ ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበትን በዓል ልናከብር ነው። ትንሽ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀሁ ስለሆነ ቀደም ብለው መጥተው ይዩልኝ» አለችኝ። በባጃጅ ሄድኩ። ዛሬ ባጃጅ ለዚህችው መንገድ የሚጠይቀኝ ብር፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ ሦስት ሴቶች አንድ ክፍል ቤት ለሦስት ወር የምንከራይበት ነበር። አውቶቡስ ተራው ጥግ ላይ ስንደርስ አንድ ተሳቢ መንገድ ዘግቶ ባጃጁ ቆመ። እዚያ ጥግ ሴቶቹ ጃንጥላቸውን ተክለው ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ማንጎውን ደርድረው ይሸጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ ያንን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ማሾን፣ በትልቅ ድስት ትቀቅላለች። እንፋሎቱ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ፊቴን ሲመታው ፊቴን አዞርኩ፤ ሹፌሩ ያቅለሸለሸኝ መስሎት «ውኃ ልግዛልዎት እናቴ?» አለኝ። እሱ ምን ያውቃል።

የኮምፒውተር ክፍሉን ሳየው በእውነት ደስ አለኝ። ከማሽኖቹ ግማሾቹ አይሠሩም፤ በሚሠሩት ላይ ግን ልጆቹ ለሦስት ለሦስት ተደርበው ተቀምጠዋል። መብራት ስለነበረ ማራገቢያው ይዞራል። ትዕግሥት በመካከላቸው ትመላለሳለች። «ኮርፐስ ይባላል እትዬ» አለችኝ። «ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣ፣ ሰዎች ሲነጋገሩ ከተቀዳ ድምፅ፣ ከየቦታው ተለቅሞ የተከማቸ እንግሊዝኛ ነው። ስንት ሚሊዮን ቃል እንዳለበት ብነግርዎት ይደነግጣሉ። ኔትወርክ ሲኖር አስቀድሜ የምፈልገውን አወርድላቸዋለሁ።» «የቃል ጎተራ በይዋ» አልኳት። ሳቀችና አንዲቷን ልጅ «እስኪ ለእትዬ አሳዪያቸው ዝናብን» አለቻት። ልጅቷ «ሬይን» ብላ ጻፈች። ወዲያው ማያው በመስመር በመስመር ሞላ፤ ቃሏ በየመስመሩ መካከል ተሰልፋ ቆማለች፤ ግራና ቀኟ ያሉት ጎረቤቶቿ ወለል ብለው ይታያሉ። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ሲለቅሙ አንዱ «ቲቸር፣ ስትሮንግ የሚል የለም! ሁሉም ሄቪ ነው የሚሉት!» ብሎ ጮኸ።

ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ሁሉ አሰብኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ «ስትሮንግ ሬይን» ብሎ በጻፈ ቁጥር በቀይ ሠርዣለሁ። ለምን ሲሉኝ መልሴ «እንግሊዞቹ እንዲህ አይሉም» ነበር። ከየት አወቅሽ ቢሉኝ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር፤ ደግነቱ በኔ ጊዜ አስተማሪን ከየት አወቅሽ የሚል ተማሪ አልነበረም። የዛሬዎቹ ማንም ሳይነግራቸው በገዛ ዓይናቸው አይተው ያውቃሉ። ደግሞም ማሽኑ የትኛው ቃል ደጋግሞ እንደሚመጣ ቆጥሮ ስለሚደረድር፣ ትዕግሥት ለልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን የማያገኙትን ቃል ትታ የሚዘወተረውን ታስቀድምላቸዋለች። ይህን ስትነግረኝ ነው ጆሮዬ የቆመው።

«ታዲያ ይህ ነገር እዚሁ ትምህርት ቤት ድሮ ነበር አይደል?» አለችና ከላስቲክ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣችልኝ። በእስቴንስል የተባዛ፣ ጠርዙ የተበላ፣ የቀለሙ ሽታ እንኳ ያልለቀቀው ወረቀት ነው። መቶ ዘጠና ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ቃል በቅደም ተከተል ሰፍሮበታል፤ ከግርጌው «ደምሴ» የሚል ፊርማ አለ። የተሰበረ ወንበር ሊያወጡ ዕቃ ቤት ሲገቡ ነው ያገኙት። «አንድ በአንድ ከኮርፐሱ ጋር አመሳከርኩት እትዬ። ማመን አቃተኝ! አንዳንዱ ከፍ አንዳንዱ ዝቅ ይላል እንጂ ይገጥማል። በእጅ ቆጥረው እዚህ የደረሱ ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ታይም የለበትም። በኮርፐሱ ከስሞች ሁሉ ፊተኛው ታይም ነው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ታይምን እንዴት ይስታሉ?» ከወረቀቱ ጎን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን መግለጫም አሳየችኝ፤ በንጹሕ ጽሑፍ «ይህ የእጅ ቆጠራ የሚደነቅ ቢሆንም እጅግ የተለመደ ቃል እስከ መሳት የሚያደርስ ጉድለት ነበረበት» ይላል። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ የነበሩት ጋሽ ደምሴ በሕይወት አሉ። የበዓሉ የክብር እንግዳም እሳቸው ናቸው። ከዚህ መግለጫ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት።

«ጥሩ ነው» ብያት ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ ታይምን አልሳቱትም። እኔ ነኝ የበላሁት።

ጋሽ ደምሴ ከደጋው ወደኛ ቆላ ተዛውረው ሲመጡ ካፖርታቸውን ይዘው ነው የመጡት። «መመለሴ አይቀርም፤ ካፖርት የሌለው ሰው ደብረ ብርሃን ምን ይሆናል» ይሉ ነበር። ክፍል ሲገቡ ካፖርቱን ወንበሩ ጀርባ ላይ ያነግሡታል፣ እሳቸው ይቆማሉ። እኛም «ካፖርቱ ተቀመጠ» እየተባባልን እንስቅ ነበር። ጊዜው ወንዶቹ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ ሱሪያቸውን ከታች እንደ ደወል አስፍተው የሚንጎራደዱበት፣ እኛ ሴቶቹ የናይለን ሻርፕና ባለ ወፍራም ተረከዝ ጫማ የሚያምረን ጊዜ ነበር። የሚያምረን ነው ያልኩት፤ እግራችን ላይ የነበረውማ ኮንጎ የላስቲክ ጫማ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወደ ዋናው መንገድ ሲወረድ ኒም ዛፍ ሥር አንድ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያዝ ተማሪ ከሀብታም ይቆጠር ነበር። ባቲ ቅኝት የሚያንቆረቁር ካሴት ቀኑን ሙሉ ይጫወታል፤ በሙቀቱ ሲንተፋተፍ ባለቤቱ አውጥተው በእስክሪብቶ አጠንጥነው ይመልሱታል። ዛሬ እዚያ ጥግ የሞባይል መጠገኛ ተከፍቷል፤ ኒሙ ግን አለ።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፣ አርባ ሆነን። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ለስድስት ልጅ አንድ ነው። ማትሪክ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ገቡና «ስሙ ልጆች፣ ሁሉንም ቃል ማወቅ አትችሉም፤ እኔም አልቻልኩም። ደጋግሞ የሚመጣውን እንወቅ። ደጋግሞ የሚመጣው የትኛው ነው ብትሉ እኔም አላውቀውም፤ ቆጥረን ነው የምናውቀው» አሉ። እኛ ቀልድ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ከምራቸው ነው። የድሮ የፈተና ወረቀት ሰበሰቡ። ባለ ሱቆቹ ስኳር የሚጠቀልሉበትን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ እንዲያስቀሩልን ለመኑ። ከመድኃኒት ቤት በየካርቶኑ ውስጥ የሚገባውን ማስጠንቀቂያ አመጡ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ጀውሃ ከተማ ላኩን፤ ከአሰብ የሚመጡት ተሳቢዎች ለምሳ እዚያ ስለሚቆሙ ካርቶኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እንድንገለብጥ ነው። ሹፌሮቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ጭነታቸውን ስንዞር ሲያዩ የኬላ ሰዎች መስለናቸው ምግባቸውን ጥለው ይነሡ ነበር። በመጀመሪያው ቆጠራ፣ «እርጥበት እንዳይነካው» ለማለት በየካርቶኑ የሚጻፉት «ኪፕ» እና «ድራይ» ሁሉንም ቃል በለጡ! ጋሽ ደምሴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «በዚህ ከሄድን ማትሪክ የሚፈተነው ካርቶን ነው» ብለው የጀውሃውን ወረቀት ለብቻው አስቀመጡት። አሁን ትዕግሥት «ኮርፐስ ሲሰበሰብ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ብቻ እንዳይበዛበት ይጠነቀቃሉ» ስትለኝ በሆዴ እሱንስ ከጀውሃ ሹፌሮች ተምረነዋል አልኩ።

አቆጣጠራችን በማሾ ነበር። ጋሽ ደምሴ በገዛ ደሞዛቸው አንድ ቁና ማሾ ከገበያ ገዙ። ለእያንዳንዳችን አምስት ቃል ተሰጠን፣ ለየቃሉም አንድ ባዶ ጣሳ፤ የቲማቲም ድልህ፣ የሰርዲን፣ ያገኘነው ሁሉ። አንድ ልጅ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የራስህን ቃል ስትሰማ አንዲት ፍሬ ማሾ ጣሳው ውስጥ ጠብ ታደርጋለህ። «ዘ» እና «ኦፍ» የመሳሰሉትን ጋሽ ደምሴ «እነዚህን እግዜር ይቁጠራቸው» ብለው ከመጀመሪያው አስወጥተዋቸዋል። ባዶ ጣሳ ላይ የወደቀች ማሾ ትጮኻለች፤ የሞላ ጣሳ ላይ የወደቀች ድምፅዋ አይሰማም። ስለዚህ ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ የማን ቃል እንደበረታ እናውቅ ነበር። ክዳን ያለው ጣሳ ብርቅ ስለሆነ ከሁሉ ለሚበልጠው ቃል ባለ ክዳን የወተት ጣሳ ይሸለማል። ያን ጣሳ የወሰደው ታይም ነው። ታይም ደግሞ የኔ ቃል ነበር! እንደ ወለድኩት ልጅ እኮራበት ነበር።

እኔ የቀወት ገጠር ልጅ ነኝ። ከሁለት የካራቆሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ስንቄን በየእሑዱ ወንድሜ በአህያ ያመጣልኛል። ሲለቀኝም አስጠንቅቆኝ ነው፤ «ራበኝ፣ ታመምኩ፣ ተጣላሁ የሚል አንድ ወሬ ከሰማሁ መልሼ ነው የምወስድሽ። ከዚያ በኋላ ደብተር የለም» ብሎኛል። የሚያደርገው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ታላቅ እህቴን እንደዚያ አድርጓታል። በዚያ ዓመት በልጉ አጉል ሆነና ወንዙ ሞልቶ እሑድ ለት ወንድሜ መሻገር አቃተው። የካራቆሬዎቹ ልጆች ለሠርግ አገራቸው ሄደዋል። ሰኞን ሱና ጾምኩ፤ መጾሜ እውነት ነው፣ ማፍጠሪያ ግን አልነበረኝም። ማክሰኞ ውኃ ጠጥቼ ዋልኩ። ረቡዕ ዕረፍት ላይ ጋሽ ደምሴ ካንዲት ዳቦ ቆርሰው «እንኪ ሰዓዳ» ሲሉኝ እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝ። ግን ሁሉም ያየኛል። «ጾመኛ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

«ረቡዕ?» አሉ ቅንድባቸውን ሰቅለው። «ረቡዕማ የኛ ናት! ሰኞና ሐሙስ አልበቃሽ ብሎ የኛንም መሻማት ጀመርሽ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ርቦኛል የምትለው ቃል ግን ጥርሴ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

የዚያን ቀን የጽዳት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ክፍሉን ጠርጌ ስጨርስ የቀትር በኋላው ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ጣሳዎቹ ላይ አርፎ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ጣሳ የኔው ነው። ክዳኑን ከፈትኩ። ዘጠኝ ሳምንት ቁጭ ብዬ ፍሬ በፍሬ የጣልኩትን ታይም በሙሉ ሻርፔ ላይ ዘረገፍኩት። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት፤ ለምን እንደገጠምኩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያደግሁበት ሥርዓት ይሆናል። መንገድ ላይ አንድ ጉንጭ ጥሬውን ቆረጠምኩ። ቤት ገብቼ ያለ ጨው ቀቅዬ እየተቃጠልኩ በላሁት። ስጠግብ ነው ያለቀስኩት።

ሐሙስ ጠዋት ጉድ ፈላ። ጣሳው ተከፍቶ ባዶ ሲገኝ ክፍሉ ተንጫጫ። ልጆቹ መጥተው ያጽናኑኛል፤ «አይዞሽ ሰዓዳ፣ ቃልሽን በሉብሽ!» ይሉኛል። ሌባው እየተጽናና ነው፤ ከዚህ የባሰ ቅጣት አለ? የክፍሉ አለቃ «ለዳይሬክተሩ ተነግሮ የሁሉም ቤት ይፈተሽ» አለ። ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ጣሳውን አገላብጠው አዩትና ረጋ ብለው «ዶሮ ነው የበላው» አሉ። የዘበኛው የጋሽ ይመር ዶሮዎች ክፍል ውስጥ መግባት ልማዳቸው ነበር።

«ቲቸር፣ ክዳኑስ?» አለ አለቃው።

«የቀወት ዶሮ ሥርዓት ያውቃል። በልቶ ይከድናል።»

ሳቁ ፍተሻውን አስረሳው። ጋሽ ይመር ሲሰሙ ተናደው «የኔ ዶሮዎች እንግሊዝኛ አይነኩም!» ብለው ሦስት ቀን አስረው አዋሏቸው። እንደገና ይቆጠር ያሉም ነበሩ፤ ጋሽ ደምሴ ግን «ጊዜ የለንም። በግምትም አልጽፍም። ታይም ከዝርዝሩ ይቀራል» ብለው ዘጉት። በዚያው ቀን ከሰዓት በድስት የማሾ ንፍሮ ይዘው መጡ። «ባዶ ሆዱን የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል» አሉና ቆጠራ ባለ ቁጥር ማምጣት ጀመሩ። እኔ ንፍሮውን አፌ አስገብቼ መዋጥ አቃተኝ። አዩኝና ያችን የትናንቷን ዓይነት ዳቦ አቀበሉኝ። ዐርብ ወንዙ ጎደለ፣ ስንቄም መጣ። ከዚያ ወዲህ ማሾ በአፌ አልዞረም።

ማትሪክ ስንቀመጥ ወረቀቱን ገልጬ ያየሁትን አልረሳውም፤ የቆጠርናቸው ቃላት ከገጽ ገጽ ተሰልፈው እንደ አገር ልጅ ይጠብቁኝ ነበር። ከኛ ክፍል ያለፈው ልጅ ብዛት ለሸዋ ሮቢት ወሬ ሆኖ ከረመ። እኔም አስተማሪ ሆኜ እዚያው ተመለስኩ፤ ከጋሽ ደምሴ ጋር ባንድ መምህራን ክፍል ስንት ዓመት ሻይ ጠጣሁ። አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ቆይቶ ቆይቶ ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ያለፈ ነገር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

ከትዕግሥት ዘንድ በወጣሁ በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ማንጎ ዛፎቹ ጥግ ያለችው ቤት ናት። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ካፖርቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም ደጋ ሳይመለሱ ቀሩ። ስለ ኮምፒውተሩ ሳጫውታቸው ሕፃን ሆኑ።

«የኛን ቃላት ለመቁጠር ስንት ደቂቃ ፈጀበት?»

«ደቂቃም አልፈጀበት ጋሼ።»

«አይ የኛ ማሾ!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። «ደግሞ ገጠመልን አልሽ? ተመስገን። እኔ እኮ በልቤ ስንቱን ልጅ አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። አየሽ፣ ማሽኑ መሰከረልን!» ቅናት የሚባል በፊታቸው የለም። ማሽኑን እንደ ተማረ የልጅ ልጅ ነው ያደነቁት። ይህን ሲሉ ጨርሶ መቻል አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ታይምን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ከንፈራቸው በሳቅ ተፈታ። «እንዴታ! እኔ ዶሮ ክዳን ሲከድን አይቼ አላውቅም።»

«ያውቁ ነበር?»

«ረቡዕ ለት ጾማችንን ስትሻሚ ነገር እንዳለ አወቅሁ። ሐሙስ ጣሳው ባዶ ሲሆን ደግሞ ምን ያህል እንደራበሽ አወቅሁ። እኔ ነኝ የዘገየሁት፤ ረቡዕ ለት ዳቦውን ከሰው ፊት ባልሰጥሽ ኖሮ ትቀበይኝ ነበር።»

«ታዲያ ገምተው ቢጽፉት ምን ነበረበት? ይኸው ዛሬ ጉድለቱ በስምዎ ሊለጠፍ ነው።»

«ብጽፈው ስንት ሆነ ይሉኛል። እንደገና እንቁጠር ይላሉ። ሲቆጥሩ ማን በላው ይመጣል። ዳይሬክተሩ ይሰማል፣ ወንድምሽ ይሰማል።» እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈልገው ያዙኝ። «ስሚ ሰዓዳ። ታይም የሚለውን ቃል ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የማያውቅ ተማሪ አልነበረኝም። እሱ ከዝርዝሩ ቢጎድል ማንንም አይጎዳም። አንቺ ከክፍሉ ብትጎድዪ ግን በምን እተካሽ ነበር?»

እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ሊያሰናብቱኝ ሲሉ ኮስተር አሉ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ደምሴ ሳተው ይባል። እኔ በዚህ ዕድሜ ለስሜ ምን እሆናለሁ? አንቺ ግን ያስተማርሻቸው ልጆች አገሩን ሞልተውታል።» እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ያልኳቸውን ሳልፈጽም የቀረሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዓሉ ቅዳሜ ነበር። ጋሽ ደምሴ በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ! ትዕግሥት ባንድ በኩል ኮምፒውተሩን፣ በሌላ በኩል የድሮውን አቆጣጠር ከጋሽ ደምሴ ጠይቃ ጣሳና ማሾ አዘጋጅታ፣ ልጆቹ አንድ ገጽ ያነባሉ፣ ባንዱ በኩል ማሾ ጠብ ጠብ ይላል፣ በሌላው ማሽኑ ቆጥሮ ይጠብቃል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መግለጫው ከወረቀቱ ጎን ተለጥፏል። ትዕግሥት «ከቀድሞ ተማሪዎች የሚናገር አለ?» ስትል ተነሣሁ። ወንዙን፣ ረቡዕን፣ ሻርፔን፣ ያለ ጨው የበላሁትን ንፍሮ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ያ የጎደለው ቃል የጋሽ ደምሴ ስሕተት አይደለም። እኔን ሲሸሽጉ ነው የጎደለው» አልኩ። ያስተማርኳቸው ልጆች ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። «ውሸቷን ነው!» አሉ፣ በዚያ በክፍል ድምፃቸው። «ዶሮ ነው የበላው! የቀወት ዶሮ በልቶ ይከድናል!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ትዕግሥት በሳቅም በለቅሶም መካከል ሆና ወደ ግድግዳው ሄደች፤ መግለጫውን ነቅላ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ልጃገረዶቹ በጣሳ በጣሳ እያደረጉ ለእንግዳው ያድሉ ጀመር። የማሾ ንፍሮ ነው። ጋሽ ደምሴ አጠገብ ተቀምጬ ጣሳውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ስበላ አልሰሙኝም መሰለኝ፣ ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ።

«ምነው ሰዓዳ፣ ዛሬም ጾመኛ ነሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አይደለሁም ጋሼ» አልኳቸው። «ርቦኛል።»

በላሁም።